ከአባባ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ

የእህቴ ልጅ ሲጫወት እናቱ አታይም። ሥራ ይዟት አይደለም፤ አንጀቷ አይችልም። ስልኩን ትከፍታለች፣ የራስ ቁር ያጠለቁ፣ ቁምሳጥን የሚያካክሉ ሰዎች ልጇ ላይ ሲከመሩ ታያለች፣ ከዚያ ሻሿን ዓይኗ ላይ ጎትታ «አንቺ እይልኝና ንገሪኝ» ትለኛለች። እኔም አይቼ እነግራታለሁ። ወሬ መንገር ከልጅነቴ ጀምሮ ይሆንልኛል። አራት ዓመት ሙሉ እህቴ የልጇን ጨዋታ በጆሮዋ ነው የተከታተለችው።

ጨዋታው የምናውቀው እግር ኳስ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካኖቹ ነው፤ ኳሱ እንደ እንቁላል ሾል ያለ፣ በእጅ የሚያዝ፣ ግፊያ የበዛበት። ልጁ እዚሁ እስራኤል፣ አሽኬሎን ከተማ፣ አቲቆት ሰፈር ነው ያደገው። በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ረጅም ስለሆነ መጀመሪያ ቅርጫት ኳስ ላይ ነበር። ሠራዊት ሳለ አንድ አሠልጣኝ አየውና ይሄን ጨዋታ አስለመደው። ቪዲዮውን ለአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ ላኩለት፤ ኮሌጁም «እየተማርክ ተጫወትልን» ብሎ ወሰደው።

የሚጫወትበት ቦታ ታይት ኤንድ ይባላል። እኔ እስኪገባኝ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ለእናንተ ባጭሩ ልንገራችሁ። ግዙፎቹ ተደርድረው ከሚገፉበት መስመር ጫፍ ላይ ይቆማል። አንዳንዴ እንደነሱ ይገፋል፤ ኳስ ለያዘው ጓደኛው መንገድ ይከፍታል። አንዳንዴ ደግሞ ከመሐላቸው ሾልኮ ይሮጥና ራሱ ኳስ ይቀልባል። የሁለት ሰው ሥራ ነው። ሲቀልብ ሕዝቡ ከመቀመጫው ይነሣል፤ ሲገፋ ማንም አያየውም።

እኔ መታፔሌት ነኝ። አፍሪዳር ሰፈር ባለ የአረጋውያን ቤት ሰው አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ፣ አጥባለሁ። ማንም የማያየው ሥራ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው መሰለኝ፣ ሌላው ሁሉ ቅለባውን ሲያይ የኔ ዓይን ግፊያው ላይ ቀረ።

ደብተር ያዝኩ። ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት በወንድሜ ትከሻ ላይ አጮልቄ ነው፤ ዕብራይስጡን ደግሞ ከቋንቋ ትምህርት ቤቱ ከኡልፓን ይልቅ የመድኃኒት ሣጥን አስተምሮኛል። እንግሊዝኛ ጭራሽ የለኝም። የቴሌቪዥኑ ሰዎች ስለ ጨዋታው የሚያወሩት ስለማይገባኝ ሥራ የሚሠራው ዓይኔ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ጽፌያለሁ፦ «እጁ ደህና ነው። ኳሷን በደረቱ አያቅፋትም፤ በጣቶቹ ይቀልባታል። ሲገፋ ግን ቀና ይላል። ቀና ሲል ይገፈትሩታል።»

ይሄን ለማወቅ አሠልጣኝ መሆን አያስፈልግም። ሰው ከላይ ከያዛችሁት ይከብዳችኋል፤ ከሥሩ ከገባችሁ ይቀልላችኋል። ዘጠና ኪሎ ሽማግሌ ከወንበር ወደ አልጋ የማዛውረው በክንዴ አይደለም፣ በጭኔና በዳሌዬ ነው። የገረመኝ ግን ሌላ ነበር። ይሄ ልጅ ይሄን ያውቅ ነበር። እኔ ራሴ ሲያደርገው ስንት ሰንበት አይቼዋለሁ!

አባባ፣ ማለት አባታችን፣ ከእህቴ ጋር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። በሰንበት፣ ማለት ቅዳሜ፣ ሕጋችን ሊፍት መጫን አይፈቅድም። ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ አይወድም። ልጁ ከዐሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ሰንበት ሰንበት ማለዳ ለጸሎት ያወርዳቸው ነበር። አይሸከማቸውም። አንድ ጊዜ ሊሸከም ቢሞክር «እኔ ጆንያ ነኝ?» ብለው ተቆጥተዋል። እና ዘዴ አመጣ። ፊቱን ወደሳቸው አዙሮ፣ ከሳቸው አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ሁለት እጁን በወገባቸው ግራና ቀኝ ሳያስነካ ዘርግቶ፣ ወደ ኋላ እየሄደ ይወርዳል። ቢወድቁ እሱ ላይ ነው። ካልወደቁ ማንም አልነካቸውም፤ ራሳቸው ወረዱ ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን በስልክ ያዝኩት።

«ስማ፣ ስትገፋ ለምን ትቆማለህ?»

«ዶዳ፣ ማ ፒቶም! ማን ነው የቆመው?» አለ፤ አክስቴ፣ ምን ሲደረግ ማለቱ ነው።

«አባባን ስታወርድ እንዲህ ተገትረህ ነበር?»

ሳቁ መጣ። «አሠልጣኙ ዓመቱን ሙሉ ዝቅ በል፣ ዝቅ በል ይለኛል። ስለ ሳባ ደረጃ ግን አንድ ቀን አልነገረኝም» አለኝ፤ ሳባ የሚለው አያቱን ነው።

በሁለተኛው ዓመት ደብተሬ ላይ «ዝቅ ማለት ጀምሯል» የሚል አለ። በሦስተኛው፦ «ትልቁን ቀይ ለባሽ ከሥሩ ገብቶ ሦስት እርምጃ ወሰደው።» በአራተኛው ደግሞ፦ «ደህና ነው፤ በጨዋታው የመጨረሻ ሩብ ሲደክመው ግን እንደገና ቀና ይላል።»

በአራተኛው ዓመት ማብቂያ ነው ነገሩ የከረረው። ትልልቆቹ ቡድኖች ከኮሌጅ የሚጨርሱትን ተጫዋቾች ተራ በተራ የሚመርጡበት ቀን አለ፤ ድራፍት ይሉታል። ልጁ በስልክ «ጫፍ ላይ ነኝ። ሊመርጡኝም ላይመርጡኝም ይችላሉ» አለን። ያስቸገረው ዕድሜው ነው። ከሠራዊት በኋላ ስለሄደ ሃያ አምስት ሞልቶታል፤ ሌሎቹ ሃያ ሁለት ናቸው።

«አርጅቷል ይላሉ» ሲለን አባባ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «ሃያ አምስት ካረጀ እኔን ምን ሊሉኝ ነው? ፍርስራሽ?»

ሳቅን። እሱ ግን አልሳቀም። «ዶዳ፣ ሌላ ዓመት የለኝም። ማንም ካልጠራኝ አለቀ፤ ጫማዬን ሰቅዬ እመጣለሁ» አለ።

ከቡድኖቹ የአንዱ መልማይ፣ ተጫዋች እየዞረ የሚያይላቸው ሰው ማለት ነው፣ ቤተሰቡን ማነጋገር እፈልጋለሁ አለ። እነዚህ ሰዎች ሩጫውንና የክንዱን ርዝመት ለክተው ሲጨርሱ ጠባይ ያጣራሉ አሉ። እንደ ጋብቻ ሽማግሌ በሏቸው፤ የማን ልጅ ነው፣ እንዴት አደገ፣ አመሉ ምንድን ነው ብሎ መጠየቅ።

ቀጠሮው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ ለሰውዬው ጠዋት ነው። የሰንበቱ ምግብ ማሞቂያው ፕላታ ላይ ተቀምጧል፤ እህቴ ፀጉሯን በአዲስ ሻሽ አስራለች፤ አባባ ኮታቸውን ለብሰዋል። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደገፍነው። የምትተረጉመው ልጄ ናት፤ ከሠራዊት የወጣች ሰሞን ነበር፣ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። እኔ ደብተሬን ጭኔ ላይ አድርጌ ጥግ ተቀመጥኩ።

መልማዩ ፊቱ ፀሐይ የጠበሰው፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። ሰላም ካለን በኋላ በቀጥታ እህቴን ጠየቀ።

«ልጅሽ ምን ዓይነት ሰው ነው ይላል» አለች ልጄ።

እህቴ እጇን አርገበገበች። «ኧረ እሱ! ምኑን አይተውበት ነው? ሰነፍ ነው። ካልቀሰቀሱት አይነሣም።»

ልጄ ተረጎመች።

«ሲያርሙት ይሰማል ወይ ይላል።»

«እሱ ይሰማል? ከግድግዳ ጋር ብነጋገር ይሻለኛል።»

ልጄ ተረጎመች። አባባ ዝም ማለት አልሆነላቸውም። «ፈሪም ነበር በይው። ማሪና ወደብ ወስደነው ጀልባ ላይ አልወጣም ብሎ ያለቀሰው ለቅሶ!»

ይሄንንም ተረጎመች። ሰውዬው አቀርቅሮ ይጽፋል።

«አክስቱ ጨዋታዎቹን በሙሉ ታያለች ብሎኛል፤ እሷስ ምን ትላለች ይላል።»

አራት ዓመት ያየሁት ሁሉ ጭኔ ላይ ነበር። ገጽ መግለጥ ብቻ ነበር የቀረኝ። ከአፌ የወጣው ግን «ገና ነው። ብዙ ይቀረዋል» የሚል ሆነ።

ሰውዬው አመሰገነ፣ መልካም ሰንበት ተመኘልን፣ ስልኩ ጠቆረ።

«ጨዋ ሰው ነው» አለች እህቴ፣ ደስ ብሏት።

ልጄ ግን ቆማ ነበር። «ምን እንዳደረግን ታውቃላችሁ? ጻፈው እኮ! ሰነፍ፣ አይሰማም፣ ፈሪ፣ ገና ነው። ሁሉንም ጻፈው!»

«ታዲያ አንቺ ለምን ተረጎምሽው?» አልኳት።

«ኢማ! ተርጉሚ ብላችሁኝ!» አለች፤ ኢማ የምትለኝ እኔን እናቷን ነው።

እንግዲህ ይሄን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ዘንድ ልጅህን በሰው ፊት አታመሰግንም። ዓይን አለ። የሚያምረውን ሕፃን «አስቀያሚ» እያልን ነው የምናሳድገው። ጠያቂውም ይሄን ያውቃል። እናት «ሰነፍ ነው» ስትል፣ ጠያቂው «ኧረ ተይ፣ ልጅሽማ ወርቅ ነው» ይላል። እሷ «ምን ወርቅ አለው» ትላለች፤ እሱ ይጨምራል። ሙገሳው የሚመጣው ከእንግዳው አፍ ነው። እኛ ሦስታችንም ያን ስንጠብቅ ነበር። ሰውዬው የሱ ተራ መሆኑን ማን ይንገረው?

ደጋግመን ደወልን። አያነሣም። የሰንበት ሻማ የሚበራበት ሰዓት ደረሰ፤ በሰንበት ስልክ አይነካምና ስልኮቹን አጥፍተን መሳቢያ ውስጥ ከተትን። ያን ማታ «ሰነፍ» የሚለው ቃል አብሮን ማዕድ ቀረበ። እህቴ ሳህኗን ገፋ አደረገች። «በገዛ አፌ» ትላለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ «በገዛ አፌ።»

በማግስቱ ማለዳ አባባን ለጸሎት አወረድኳቸው። ልጁ ከሄደ ወዲህ ይሄ የኔ ሥራ ነው። እኔም እንደሱ ፊቴን አዙሬ፣ አንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ብረቱን ይዘው ዐረፉ።

«አባባ፣ ልጁን ጎዳነው።»

«ደብቀነው እንጂ።»

«ሰውዬው መደበቃችን አልገባውም። ሰንበት ሲወጣ ደውዬ ልናገር ነው። ግን ባመሰግነውና አንድ ነገር ቢያገኘው እህቴ ዓይኔን አታየውም። እኔም ፈርቻለሁ።»

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁ። «ሙገሳ ያላየሽውን መጨመር ነው» አሉ። «ያየሽውን ብቻ ካልሽ ምስክር ነሽ። ምስክርነት ዓይን አያመጣም። ጥፋቱንም አብረሽ ንገሪው። ጥፋት የሌለበት ምስክርነት ማን ያምናል?» ከዚያ እጃቸውን አወዛወዙ። «በይ አሁን ውረጂ፤ ጸሎቱ ሊያልፈኝ ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት ደብተሬን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ አልከለከለችኝም።

ሦስት ኮከብ ታይቶ ሰንበት እንደወጣ ስልኩን አወጣን። በሁለተኛው ጥሪ አነሣ። ከኋላው የመኪና ድምፅ ይሰማል፤ መንገድ ላይ ነበር።

«ልጄ፣ እንዲህ በይው» አልኳት። «ትናንት የሰማኸው ልጁን አይደለም፣ ባህላችንን ነው። እኛ ልጃችንን ስንወድ እንሸሽገዋለን። ዛሬ ደግሞ ላመሰግነው አልመጣሁም። ያየሁትን ልነግርህ ነው፤ ያላየሁትን አልጨምርም።»

ሰውዬው መኪናውን አቆመ። «እየሰማሁ ነው ይላል» አለች።

አነበብኩለት። በመጀመሪያው ዓመት ቀና እያለ እንደሚገፈተር። በሁለተኛው ዝቅ ማለት እንደጀመረ። ጭቃ የነበረበትን ጨዋታ፣ ኳሷ በግራ ስትሄድ እሱ ከቀኝ ተነሥቶ ሜዳውን አቋርጦ የመጨረሻውን የተቃራኒ ቡድን ሰው ከሥሩ እንዳነሣው፣ ጓደኛው ነጥብ አስቆጥሮ ሁሉም ሲያቅፈው እሱ ገና ከጭቃው እየተነሣ እንደነበር። በመጨረሻው ሩብ ሲደክመው ቀና የሚለውንም አልደበቅኩም።

ሰውዬው ወረቀት ሲገልጥ ተሰማ።

«ይሄን የመጨረሻውን እኔም ጽፌዋለሁ ይላል። ማን ነገረሽ ይላል።»

«ማንም። ሥራዬ ሽማግሌ ማንሣት ነው በይው።»

«ይሄ ጥፋት ይታረማል ወይ ይላል። በዚህ ዕድሜ አዲስ ነገር ይማራል ወይ?»

«አዲስ ነገር አይደለም» አልኩ። «ያውቀዋል፤ ሲደክመው የት እንዳስቀመጠው ይጠፋዋል እንጂ።» የደረጃውንም ነገር ነገርኩት። ካልቀሰቀሱት አይነሣም ያልነው ልጅ፣ ከሠራዊት ለሰንበት ሲመጣ እንኳ ማንም ሳይቀሰቅሰው ማለዳ በሩ ላይ ይቆም እንደነበረ።

«ወደ ኋላ ሦስት ፎቅ? ይላል።»

«ወደ ኋላ።»

«አልገባኝም ይላል፣ ኢማ። እንዴት አድርጎ?»

ይሄኔ አባባ ተነሡ። «ላሳየው» አሉ።

«አባባ፣ ሊፍት አለ እኮ፣ ሰንበት ወጥቷል» አለች እህቴ።

«ሊፍቱ ምን ያሳየዋል?»

ወጣን። ልጄ ስልኩን ይዛ ከታች ቆመች፤ እኔ ፊቴን አዙሬ ጉልበቴን አጠፍኩ፤ አባባ ኮታቸውን ቆልፈው እንደ ሙሽራ መውረድ ጀመሩ። የጎረቤት ሴትዮ ቆሻሻ ልትጥል ወጥታ ከረጢቷን እንደያዘች ቀረች። አምስት ደረጃ ወርደን ቆምን። አባባ ወደ ስልኩ ዞሩ።

«ይቺ ከልጁ ተምራ ነው። ወገቧ እንደሱ አይደለም። በእጁ ሳይነካኝ ስንት ዓመት አወረደኝ፤ አንድ ቀን አልወደቅኩም።» ይሄን ብለው ደነገጡ፤ ሙገሳ አምልጧቸዋል። ቶሎ ብለው «ግን ሰነፍ ነው!» አሉ።

«ይሄንን አልተረጉምም» አለች ልጄ።

ሰውዬው ስክሪኑ ላይ ሳይንቀሳቀስ ይመለከት ነበር። ከዚያ ምንም ቃል ልገባላችሁ አልችልም አለ፤ የሚወስነው እሱ ብቻ አይደለም። ከትናንቱ ጽሑፍ ግን ጥቂት መስመሮች እሰርዛለሁ አለ። ልጄ ይሄን ስትተረጉም እህቴ የብረቱን መደገፊያ ይዛ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

ምርጫው የተደረገው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። የሱ ተስፋ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ላይ ነበር፤ እነዚያ ደግሞ ቅዳሜ ሆኑ። እነሱ ስም ሲጠሩ የኛ ስልክ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሰንበት ሲወጣ ከፈትን፤ አልተጠራም። ምርጫው ገና ነው፣ አላለቀም አሉን። ጠበቅን፤ ዓይናችን ሲከዳን ወደየቤታችን ገባን።

እሑድ ለሥራ ስነሣ የድምፅ መልእክት አገኘሁ። መኝታ ቤቴ ውስጥ አንድ እግሬን ካልሲ ውስጥ አድርጌ ሰማሁት።

«ዶዳ፣ ቦከር ቶቭ፣ እንደምን አደርሽ። ሰባቱም ዙር አለፈ፣ አልመረጡኝም።» ትንፋሽ ወሰደ። «ምርጫው ካለቀ በኋላ ግን ያ ሰውዬ ደወለ። ሳይመረጡ ከቀሩት ውስጥ ጥቂት ሰዎች እንጠራለን፣ ወደ ልምምድ ካምፓችን ና አለኝ። ብዙ ነን፤ ከዚያም ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ። ግን ገባሁ፣ ዶዳ። በሩ ውስጥ ነኝ። ደግሞ ሳባ ደህና ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን አድርጋችሁ ነው?»

አውቶቡሱን ትቼ በእግሬ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ቆማለች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ተደፍቷል።

«አላየሽውም?»

«አንቺ እይልኝና ንገሪኝ።»

«አልመረጡትም» አልኩ። እጇ ወደ ሻሿ ሄደ። «ቆይ፣ አልጨረስኩም» አልኳትና፣ እንደ ወትሮው ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ካልሲውን ጭምር። «በሩ ውስጥ ነኝ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

አባባ ከመኝታ ክፍላቸው ጮክ ብለው፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው እስኪሰማ፣ «ምኑን አይተውበት ነው?» አሉ።

እህቴ መልስ አልሰጠቻቸውም። ሄዳ መስኮቱን ዘጋች። የመስኮቱን መከለያ ትሪሱን እስከ ታች አወረደችው፤ ወጥ ቤቱ ጨለመ። ተመልሳ ጆሮዬ ሥር መጣች።

«ጎበዝ ነው አይደል?» አለች፣ በሹክሹክታ።

«ጎበዝ ነው» አልኳት።

ትንሽ ቆመን ቆየን። ከዚያ ትሪሱን መልሳ ከፈተችው፣ ብርሃኑ ገባ፣ እኔም ለአዛውንቶቼ ቁርስ እንዳልዘገይ ደረጃውን እየሮጥኩ ወረድኩ።